የዓርብ መዝሙር ሁለተኛ ድምፅ

እኔ በልጅነቴ የተማርኩት ሁለተኛ ድምፅ ነው። ይህን ስል የማይገባው ሰው ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ልንገራችሁ። መዝሙር ሲዘመር ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ገበያ ሲሄድ የሚያንጎራጉረው ዜማ አለ፤ እሱ አንደኛ ድምፅ ይባላል። ከሱ ሥር ደግሞ ዝቅ ብሎ የሚሄድ ሌላ መስመር አለ። ብቻውን ቢሰሙት ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ ከላይኛው ጋር ሲገጥም ግን ቤቱን ይሞላዋል። እንደ ኮት ገበር ነው። ኮቱ ሲኖር ያሞቃል፤ ገበሩን ብቻውን ለብሶ የሚወጣ ሰው ግን የለም። እኔም ካምፓላ ከገባሁ ወዲህ ኮት እንደሌለው ገበር ሆኜ ነው የኖርኩት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የምኖረው ናጉሩ ኮረብታ ላይ፣ አንድ ትልቅ ቤት ጓሮ ባለች ክፍል ነው። ባለቤቴ እዚሁ አገር አርፏል። ልጄን የስደተኛ ወረቀቷ ደርሶላት ሩቅ አገር ወስደዋታል፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች፣ እኔም ደህና ነኝ እላታለሁ። በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ ለሐበሻ ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። የጎረቤት ልጆች ጃጃ ይሉኛል፣ አያቴ ማለታቸው ነው፤ ማርታ ብሎ የሚጠራኝ ከጠፋ ግን ስንት ጊዜው። እሑድ ጠዋት ደግሞ የኛ ሰዎች ወደተከራዩት የጸሎት አዳራሽ እወርዳለሁ። ኪቦርዱ ይጮኻል፣ ወጣቶቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይዘምራሉ፣ እኔም እንደለመድኩት ከሥር ከሥር እከተላለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የቆመች ልጅ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ዜማው እኮ ወደ ላይ ነው የሚሄደው» አለችኝ። በትሕትና ነው ያለችኝ፣ አልተቀየምኳትም። ከዚያ ወዲህ ግን አፌን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው።

የኛን ከተማ ስሟን ብነግራችሁ የሚያውቃት ስለሌለ ይቅር። ወደ ምዕራብ፣ ቡና የጫኑ መኪኖች ጭቃ ይዟቸው የሚያድሩባት ከተማ ናት። ናጉሩ ላይ ዝናብ ሲወርድና ቀዩ ጭቃ ቁልቁል ሲሄድ፣ የቦዳ ልጆች ሞተራቸውን እየገፉ ሲያልፉ፣ እኔ መስኮቴ ላይ ሆኜ የማየው ያንን መንገድ ነው። አንድ መንገድ፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ እሱም ጋ አንድ ሬዲዮ። አዲስ ዘፈን ሲመጣ ከተማው ሁሉ የሚሰማው ከልብስ ሰፊው ደጃፍ ነበር። ከመንገዱ ወዲህ ከጅማ መጥተው የሰፈሩ ነጋዴዎች ሱቅና መስጊዱ፣ ከመንገዱ ወዲያ ሚሽኑ። ሚሽን እንበለው እንጂ እኔ ስደርስ የቀሩት ፈረንጆች አንዲት ነርስና አንድ ብስክሌት የሚነዳ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ሉተራን ነን ስንል ሰዉ «ሉተር ደግሞ ማነው፣ የነማን ልጅ ነው?» ይለን ነበር።

አባቴ ሲያወራ፣ መጀመሪያ የመጣው ፈረንጅ ሳይሆን የዚያው አገር ሰው ነው። መጻሕፍት በበቅሎ ጭኖ መጣና ዋንዛ ሥር ተቀምጦ ፊደል ማስቆጠር ጀመረ። ሰዎች ልጆቻቸውን የላኩለት ለሃይማኖቱ ብለው አይደለም፤ የፍርድ ቤት ወረቀት የሚያነብላቸው አጥተው ነው። ስለዚህ በኛ አገር ትምህርት ቤቱ ቀደመ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተከተለ። ሲሠራ ድንጋዩን ከወንዝ ያመጣው ሕዝቡ ነው፣ ሴቱም ወንዱም በጀርባው እየተሸከመ። እናቴ የተሸከመችው ድንጋይ የቱ ጋ እንደገባ ታውቅ ነበር፤ ከበሩ በስተቀኝ፣ ከታች። በዚያ ባለፍን ቁጥር በእግሯ ጣት ነካ ታደርገውና ምንም እንዳላደረገች ሰው ትሄዳለች።

ትምህርት ቤት የገባሁ ጊዜ ደብተር አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር። ልብሳችን ሰማያዊ ካኪ፣ አንገቱ ነጭ፣ እሱንም የሚሰፋው ያው ባለ ሬዲዮው ልብስ ሰፊ። ሸራ ጫማ ተገዝቶልን ነበር፤ ጭቃ እንዳይነካው ግን በእጃችን ይዘነው እንመጣና በሩ ላይ ስንደርስ እግራችንን በሣር ጠርገን እናጠልቀዋለን። ጠዋት ጠዋት በቆርቆሮ ኩባያ የዱቄት ወተት ይሰጡናል፣ ከላይ አረፋ የያዘ፣ ከታች ያልሟሟ ጓል ያለው። ጓሉን በጣታችን ነበር የምንልሰው። ዛሬ ሱፐርማርኬት ገብቼ ያንን ወተት ፈልጌዋለሁ። ቆርቆሮው አለ፣ ጓሉ ግን የለም፤ አሁን ሁሉም ይሟሟል።

መዝሙር የሚያስተምሩን መምህር ገመቹ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ በጋም ክረምትም አንድ ቡናማ ኮት የሚለብሱ ሰው። ኪሳቸው ውስጥ ሹካ የምትመስል ባለ ሁለት ጣት ብረት ነበረቻቸው። ጉልበታቸው ላይ መታ ያደርጓትና ጆሮአቸው ሥር ይዘው «እም» ይላሉ፤ ከዚያች «እም» ትምህርት ቤቱ በሙሉ ይነሳል። አዲስ ልጅ ሲመጣ አስዘምረው ይሰሙትና ቦታ ይሰጡታል። አንደኛ ድምፆች በመስኮቱ በኩል፣ መንገዱን እያዩ፤ ሁለተኛ ድምፆች በግድግዳው በኩል። እኔን ገና ሳልጨርስ «ግድግዳ» አሉኝ። አንደኛው ድምፅ ጣፋጭ ነው፣ ይስባል፤ ብዙ ጊዜ ወደሱ እሳብ ነበር። መምህር ገመቹ ዝማሬውን ያቆሙና፣ «ማርታ፣ የሰው ማሳ አትረሺ» ይሉኛል። ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ እንድዘምር አስለመዱኝ። ለመድኩ፤ ከልክ በላይ ለመድኩ። እስከ ዛሬ አንደኛውን ድምፅ ልጀምር ስል ሁለት ቃል ሳልሄድ ተንሸራትቼ ወደ ራሴ መስመር እወርዳለሁ።

ዓርብ ዓርብ ስንለቀቅ የምንዘምራት መዝሙር ነበረች። ራሳቸው መምህር ገመቹ የደረሷት ናት፣ በየትኛውም የመዝሙር መጽሐፍ የለችም። «በመንገዳችን ቀድመህ ጠብቀን፣ በማናውቀው አገር ደጃፍ ሁነን» የምትል። ያኔ የማናውቀው አገር ሲባል እኔ የማስበው ከወንዙ ማዶ ያለውን ነበር።

ከዚያ ዘመኑ ተገለባበጠ። ቤተ ክርስቲያኑ ታሸገ፣ አግዳሚዎቹ ወጥተው እህል ገባበት፣ ትምህርት ቤቱም ሌላ ስም ወጣለት። መምህር ገመቹን አንድ ማለዳ ወሰዷቸው። ኮታቸውን ለብሰው ነው የሄዱት፤ ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም፣ መቃብራቸውም የት እንደሆነ አይታወቅም። የኔም ትምህርት አምስተኛ ክፍል ላይ አበቃ። የቀረውን ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር እያነበብኩ ለራሴ ያስተማርኩት ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ከተከፈተ ቆይቷል፤ አሁን የምሥረታውን በዓል ሊያከብሩ ነው። እዚያ ኳየር ውስጥ ያለችው የወንድሜ ልጅ ሲፈን ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ ሽማግሌዎቹ የዓርቡን መዝሙር ካልሰማን በዓል አይባልም ብለዋል። ቃሉን ያስታውሳሉ፣ ዜማውን ግን አንዱ እንዲህ ነው፣ አንዱ እንዲያ ነው እያለ ሊጣሉብን ነው። አንቺ የመምህር ገመቹ ተማሪ አልነበርሽም? ቀድተሽ ላኪልን» አለች።

መስኮቴን ዘጋሁ፣ ጉሮሮዬን በሞቀ ውኃ አራስኩ፣ ቀድቼ ላክሁ። የማውቀውን ያህል፣ ከልቤ። መልሱ ቶሎ አልመጣም። ሲመጣም ሲፈን ቃል እየመረጠች ነው። «አክስቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ኳየሩ ሰምቶታል። ግን ዜማ ነው ወይስ ጸሎት ነው ብለው ጠየቁኝ። ምናልባት ትንሽ ረስተሽው ይሆን?»

«አልረሳሁም። ሁለተኛ ድምፅ ነው» አልኳት።

«እሺ አክስቴ» አለችኝ። ለታመመ ሰው እሺ እንደሚባለው።

ያ እሺ ከነከነኝ። የቀረልኝ ነገር ብዙ አይደለም፤ ከቀረልኝም አንዷ ይቺ መዝሙር ናት። ለመምህር ገመቹ ደግሞ ሁሉ ነገራቸው እሷ ናት፤ ልጅ የላቸው፣ መቃብር የላቸው። በዓሉ ሲደርስ ወይ አጣመው ይዘምሯታል፣ ወይ ትተዋት ያልፋሉ። ሲፈንን አንደኛ ድምፅ የነበሩትን አፈላልጊ አልኳት። አንዷ ሞታለች፣ አንዷ ጆሮዋ ደክሟል፣ የሌሎቹ አድራሻ የለም። እኔ ግማሿን ይዤ እዚህ ናጉሩ ላይ ቁጭ።

በዚያው ሰሞን ለበርበሬዬ ማሸጊያ ፌስታል ልገዛ ኪኩቦ ገበያ ወረድኩ። ኪኩቦ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ መተላለፊያው ጠባብ፣ ዕቃው እስከ ጣሪያ፣ ተሸካሚዎቹ ከኋላ እያፏጩ መንገድ የሚያስለቅቁበት ቦታ ነው። የገባሁበት ሱቅ ባለቤት የኛ አገር ሰው ነው፣ የጅማ ልጅ። የምፈልገውን ዓይነት ሊያመጣ ወደ መጋዘን ሄደ። እናቱ ጥግ ላይ ከፕላስቲክ ባልዲዎቹ አጠገብ ተቀምጠው ሙስባሃ ይቆጥራሉ። አጠገባቸው በወረቀት የተጠቀለለ ሳምቡሳ ነበር፣ ገና ትኩስ፤ ሽታው ወዴት እንደወሰደኝ አላወቅሁም። ብቻ እያንጎራጎርኩ ኖሯል።

«ይቅርታ እህቴ፣ ይህን ነገር ከየት አመጡት?» አሉኝ ሴትዮዋ።

«ከትምህርት ቤት ነው» አልኩ፣ አፍሬ።

«ከየት አገር ትምህርት ቤት?»

የከተማዬን ስም ተናገርኩ። ሙስባሃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ሚሽኑ ፊት ለፊት ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴትዮ ነበረች» አሉ፣ እንደሚፈትን ሰው ዓይኔን እያዩ።

«እማማ ከድጃ» አልኩ። «አሥር ሳንቲም ነበር። ሳንቲም ያነሰው ልጅ ሲመጣ ጎኑ የተቀደደውን መርጠው ይሰጡት ነበር።»

«መርጣ አይደለም። ጀርባዋን አዙራ ራሷ ነበር የምትቀደው። እናቴ ናት።»

ከዚያ በኋላ በመካከላችን «እርስዎ» የሚባል ነገር አልቀረም። ዘይነባ ትባላለች። እኔ ግድግዳ በኩል ሆኜ ስዘምር እሷ ከመንገዱ ማዶ የእናቷን ዘይት ትጠብቅ ነበር። እኔ እሷን አላውቃትም፤ ስዘምር መንገዱ አይታየኝም፣ ስገዛም ዓይኔ ከሳምቡሳው አይነሳም። እሷም እኔን አታውቀኝም። ሳምቡሳውን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝና፣ «ቅድም ያንጎራጎርሽው ግን የዓርቡን ይመስላል እንጂ እሱ አይደለም። አበላሽተሽዋል» አለች።

«አንቺ እንዴት ታውቂዋለሽ?»

«ዓርብ በመጣ ቁጥር እየሰማሁ፣ እንዴት አላውቀውም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበር። የራሳችንንም ቃል አውጥተንለት ነበር» አለችና፣ ወደ መጋዘኑ በር ገልመጥ ብላ፣ በቀስታ ጀመረች፦ «የሚሽን ልጆች፣ ወተት ጠጪዎች፣ ጫማ ተሸካሚዎች፣ ጭቃ ፈሪዎች።»

ልጇ ፌስታሉን ይዞ በር ላይ ቆሟል። «እማ?» አለ። እኔ ግን ሌላ ነገር አልሰማሁም። ዜማው ራሱ ነበር። አንደኛው ድምፅ፣ ሳይጎድል፣ ሳይጣመም። ለካ ከመስኮቱ ወደ መንገድ የሚወጣው እሱ ብቻ ኖሯል።

«ከሥሩ ሌላ ድምፅ አልነበረም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ኧረ እኔ አልሰማሁም» አለች።

ሲፈን ያለችውን ነገርኳትና እንድትቀዳልኝ ለመንኳት። ዘይነባ ፊቷ ተለወጠ። «ማርታ፣ እኔ ሐጅ ያደረግሁ ሴት ነኝ። የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ዘምራ በስልክ ላከች ልባል? እንዲህ ያለውን አትጠይቂኝ» አለች። እውነቷን ነው። እኔንስ መንዙማ በዪልን ቢሉኝ ምን እል ነበር። ፌስታሌን ይዤ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሰው ስልክ እያወራ፣ ረዳቱ እየተጣራ፣ እኔ በልቤ ዜማዋን ልይዛት እሞክራለሁ። ናካሴሮ ሳንደርስ ከእጄ ወጣች። ክፍሌ ገብቼ ብቀመጥ የቀረኝ ያው የራሴ መስመር ነው። የዚያን ሰሞን ያህል ቤቴ ባዶ ሆኖብኝ አያውቅም። ዜማዋ ከዚሁ ከተማ እያለች፣ እዚያ ታች እያለች።

በሳምንቱ በርበሬ ይዤላት ሄድኩ፤ ለመለመን አይደለም፣ ስሜን የሚጠራ ሰው ጋ ለመቀመጥ ነው። ዘይነባ በርበሬውን አሸተተች፣ ቀመሰች፣ ጨው አነሰው አለች። ከዚያ፣ «አስቤበታለሁ። ቃሉ የናንተ ነው፣ አልነካውም። ዜማው ግን ዓርብ በመጣ ቁጥር በእናቴ መጥበሻ ላይ ሲያልፍ የኖረ ነው፤ በሱ እኛም ድርሻ አለን። ቃል የሌለው ዜማውን እሰጥሻለሁ» አለችኝ።

«ስድቡንስ?»

«ስድቡን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።»

የዚያን ዕለት አብረን ነበር የቀዳነው። እሷ በ«ላ ላ»፣ እኔ ከሥር በቃሉ። እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። አፌን ስከፍት ከበላዬ ሰው ነበረ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ መስመሬ ቦታው ገባ፤ ዘይነባም መሀል ላይ ዓይኗን አፍጥጣ ተመለከተችኝ፣ ከሥሯ ወለል እንደተነጠፈላት ሰው። ስንጨርስ፣ «ይህ ነገር ያኔም ነበር?» አለች። ነበር አልኳት።

ሲፈን በማግሥቱ ደወለች፣ ድምፅዋ ተለውጦ። ሽማግሌዎቹ ሰምተው አልቅሰዋል፣ እሱ ነው ብለዋል፣ ጠቡም አብቅቷል። «ግን አክስቴ፣ ኳየሩ ሊያጠናው ሲል ሁለቱ ድምፅ እየተደባለቀ አስቸገረው። ያንቺ ለስልኩ ቀርቦ ነው መሰለኝ ይጎላል። የሴትዮዋን ብቻውን ላኪልን። በዓሉ እሑድ ነው።»

«ሁለተኛውንስ መቼ ታጠኑታላችሁ?»

«እሱን ሌላ ጊዜ፣ አክስቴ።»

ሌላ ጊዜ የሚባለውን በዕድሜዬ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ወደ ኪኩቦ ተመለስኩ። ዘይነባ ከባልዲዎቹ ጀርባ፣ እኔ ፊት ለፊቷ፣ ስልኩ በመካከላችን። ጀመረችና ሦስተኛው ቃል የሚገባበት ቦታ ላይ ተወላገደባት። ደግማ ጀመረች፣ ደግማ ወደቀች። «ምን አድርገሽኝ ነው ማርታ? ዕድሜዬን ሙሉ ብቻዬን ስለው የኖርኩትን ዛሬ አንቺ ከሌለሽ እግሬ መርገጫ አጣ» አለች።

«አለሁ፣ አፌን እዪ» አልኳት። እኔ ቃሉን ያለ ድምፅ በከንፈሬ፣ እሷ ዜማውን ያለ ቃል በድምፅዋ። አንድ ቦታ ላይ ግን አስቆምኳት። የመንገድ ልጆች «ወተት ጠጪዎች» ብለው እዚያ ላይ ይተነፍሱ ነበር፣ ስድብ ትንፋሽ ይፈልጋላ። መምህር ገመቹ ግን በዚያ ቦታ መተንፈስ ከልክለውን ነበር። «ጠብቀን ካላችሁ በኋላ አታቋርጡ፤ ከማናውቀው አገር እስክትደርሱ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ» ይሉ ነበር። ይህን ስነግራት ዘይነባ ራሷን ነቀነቀች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ደረቷን ሞላችና በዚያ ቦታ ሳትተነፍስ አለፈች። ዓይኗ እንባ ቋጠረ፤ ከትንፋሽ ማነስ ነው አለች። የዚያኑ ዕለት ላክነው። የላክነው ውስጥ የኔ ድምፅ የለም።

እሑድ ሲፈን ስልኳን ከፍታ ከዚያ ሕዝብ መሀል አሰማችኝ። ጩኸት፣ እልልታ፣ ኪቦርድ፣ ከዚያ ዝም። ማን «እም» እንዳላቸው አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው በአንድ ድምፅ ተነሳ፣ ሁሉም አንደኛ፣ ከሥር የሚይዝ አንድም የለም። እኔም ከዚህ ማዶ ሆኜ ልጀምርላቸው ከንፈሬን አላቅቄ ነበር። እነሱ ግን «ጠብቀን» የሚለው ላይ ደርሰዋል። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ሽማግሌው ከሕፃኑ፣ በዚያች ቦታ ሳይተነፍስ አለፈ። እኔም አልጋዬ ጫፍ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ አፌን ገጥሜ፣ ማዶ እስኪደርሱ ትንፋሼን ያዝኩላቸው።